አሠሪው ማን ነው?
በወንጌል የተነገረለት የወይን ቦታ ባለቤት ጎሕ ሲቀድ ወደ ገበያ ወጥቶ ሠራተኞቹን ራሱ ስለ ጠራ፣ በቀን አንድ ዲናርም ራሱ ስለ ተዋዋለ፣ ሲመሽም መጋቢውን አዝዞ ስላስከፈለ፣ ከሠራተኞቹ መካከል ያጉረመረሙት ቅሬታቸውን ለማን እንደሚያሰሙ አልጠፋቸውም። ዛሬ በአዲስ አበባ ቋሚ ሥራውን ለቅቆ በኤጀንሲ በኩል በኮንትራት ለመሥራት የሚያስብ ሰው ግን፣ የሚያዝዘው አንዱ፣ የሚከፍለው ሌላው ስለሚሆን፣ ከደመወዙ መጠን አስቀድሞ አሠሪዬ ማን ነው ብሎ መመርመር ይገባዋል።

ነገሩ ጥንት አለው። በአሠሪና በሠራተኛ መካከል የቆመው አገናኝ ከድኻው እንጀራ ላይ ይቆርሳል የሚለው ክስ ስለ በረታ፣ ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ1925 ዓ.ም. ለትርፍ የቆሙ አገናኞች በሦስት ዓመት ውስጥ እንዲቀሩ የሚያዝ ስምምነት አወጣ፤ በ1941 ዓ.ም. ግን መንግሥታት ከማስቀረትና ከመቆጣጠር አንዱን እንዲመርጡ ፈቀደ። ሥራ ሸቀጥ አለመሆኑን በ1936 ዓ.ም. በፊላዴልፊያ ያወጀው ይኸው ድርጅት፣ በ1989 ዓ.ም. ባወጣው 181ኛ ስምምነት፣ ኤጀንሲ ከሠራተኛው ክፍያ እንዳይቀበል በመርሕ ከልክሎ፣ ሠራተኛን ቀጥሮ ለሌላ ድርጅት ማቅረብን ተቀበለ። ኢትዮጵያም በ1991 ዓ.ም. ስምምነቱን አጸደቀች። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረትም ኤጀንሲው ከሠራተኛው ጋር የሥራ ውል ገብቶ ለተጠቃሚው ድርጅት ሊያቀርበው ይችላል፤ እንግዲህ በሕግ ፊት ውል ተቀባዩ፣ ማለትም አሠሪው፣ ኤጀንሲው ነው።

በኑሮ ግን ነገሩ እንደ ሕጉ ቃል ቀጥ ብሎ አይገኝም። የማውቀው አንድ የሒሳብ ሠራተኛ፣ 11 ዓመት ያገለገለበትን መሥሪያ ቤት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ ክሊራንሱን ጨርሶ፣ የተሻለ ደመወዝ ስለ ቀረበለት ወደ ኤጀንሲ ሄደ፤ ኤጀንሲውም ለአንድ ባንክ አቀረበው። ደረቱ ላይ የሚያንጠለጥለው መታወቂያ የባንኩ ምልክት አለበት፤ የደመወዙ ወረቀት ግን የኤጀንሲውን ማኅተም ይዞ ይመጣል። ታምሞ የሐኪም ወረቀት ባቀረበ ጊዜ የባንኩ ኀላፊ «ኤጀንሲህን ጠይቅ» አለው፤ ኤጀንሲው ደግሞ «የሚያሠሩህ ይፈርሙልህ» ብሎ መለሰው። ሁለት ጌታ ያለው ሰው በሕመሙ ቀን ጌታ እንደሌለው ሆነ፤ ይህም እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

ያጣው ይህን ብቻ አይደለም። የዓመት ፈቃድ ከ16 የሥራ ቀን ተነሥቶ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ስለሚጨመርበት 21 የደረሰው ዕረፍቱ፣ በአዲሱ አሠሪ ዘንድ እንደገና ከ16 ጀመረ። ጡረታው ግን ሰውየውን ተከትሎ የሚሄድ ነው፤ ይህም የሚሆነው አሠሪው 11 በመቶውን ከሠራተኛው 7 በመቶ ጋር በየወሩ ገቢ ሲያደርግ ነው። ደግሞም ብዙ ሰው ኮንትራት የሚለውን ቃል ሲሰማ ውሉ በጊዜ የተወሰነ ይመስለዋል፤ አዋጁ ግን በግልጽ ከዘረዘራቸው ሁኔታዎች በቀር ማናቸውም የሥራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደ ተደረገ ይቆጥረዋል።

ልዩ ሙያ ላለው ሰው በኤጀንሲ በኩል መሥራት ገቢን እንደሚያሻሽልና የሥራን በር ፈጥኖ እንደሚከፍት አልክድም፤ ያ የሒሳብ ሠራተኛም ወደ ቀድሞ መሥሪያ ቤቱ አልተመለሰም። ውሉ በሚታደስበት ጊዜ ግን፣ የዓመትና የሕመም ፈቃድ የሚፈቅደው ማን እንደ ሆነ በስም ካልተጻፈልኝ አልፈርምም ብሎ ወረቀቱን መለሰው፤ ኤጀንሲውም ከሦስት ቀን በኋላ አንዲት ዐረፍተ ነገር ጨምሮበት አመጣለት።