ጥርኝ ውሃና ጠብታ እንባ፦ ምሳሌና ግብረ ገብ በዳንቴ «መለኮታዊ ኮሜዲያ»

ዳንቴ አሊጊየሪ እ.ኤ.አ. በ1302 ከትውልድ ከተማው ከፍሎረንስ ተባርሮ፣ በ1321 ራቬና ውስጥ እስኪሞት ድረስ በስደት ኖሯል። ሲኦልን፣ የመንጻት ተራራንና ገነትን የሚያስጎበኘውን ባለ100 ካንቶ ግጥም የደረሰውም በዚሁ ዘመን ነው።

እንዲህ ያለውን ምሳሌያዊ ድርሰት ስናነብ ቀድመን የምናነሣው መሣሪያ ሰምና ወርቅ ነው። ቨርጂልን «አእምሮ»፣ ቢያትሪስን «ጸጋ» ብለን ከፈታን በኋላ ሰሙን እንጥላለን። በእኔ አስተያየት ግን ለዚህ ግጥም ይበልጥ የሚቀርበው የአንድምታ ትርጓሜያችን ነው። አንድምታ አንዱን ፍቺ ካቆመ በኋላ «አንድም» ብሎ ሌላውን ይጨምራል እንጂ የፊተኛውን አይሽርም።

ለማሳያ የመንጻት ተራራን አምስተኛ ካንቶ እንውሰድ። ቦንኮንቴ ዳ ሞንቴፌልትሮ በ1289 በካምፓልዲኖ ጦርነት ጉሮሮውን ተወግቶ የማርያምን ስም እየጠራ ይሞታል። መልአክ ነፍሱን ሲወስድ ጋኔኑ ስለ አንዲት ጠብታ እንባ መነጠቁን ይቃወማል። ተቆጥቶም ዝናብ ያስነሣል፤ ጎርፉ ሬሳውን ወስዶ በደረቱ ላይ በክንዶቹ የሠራውን መስቀል ይፈታዋል።

ይህን ክፍል ጎሬ ላይ ከተማሪዎች ጋር ሳነብ ስለ ጎርፉ ማብራራት አላስፈለገኝም። ዝናብ በሚበዛበት አገር፣ ሶር ወንዝ ሲሞላ እያዩ ያደጉ ናቸው። ጎርፉን «የክፋት ኃይል» ብለው ከመፍታታቸው በፊት እንደ ጎርፍ አዩት፤ ስለዚህም ጋኔኑ የደረሰው ሥጋው ላይ ብቻ መሆኑን ፈጥነው ተረዱ።

ከዚያም የበላኤ ሰብእ ታሪክ ተነሣ። 78 ሰው የበላው ሰው፣ በማርያም ስም ለለመነው ጥርኝ ውሃ በመስጠቱ በሚዛን ፊት ይድናል። የሁለቱ ታሪኮች መመሳሰል ዳንቴን ከግእዝ ጋር በቀጥታ አያገናኝም። የማርያም ተአምራት ግን በ12ኛው መቶ ዓመት በምዕራብ አውሮፓ ተሰባስበው፣ በዐረብኛ በኩል አልፈው በዐፄ ዳዊት ዘመን ወደ ግእዝ ተተርጉመዋል። ሁለቱም ድርሰቶች የአንድ ሰፊ ልማድ ዘመዶች ናቸው።

አንድ ተማሪ ግን «የተበሉትስ ፍርድ የት ሄደ?» ሲል ጠየቀ። ጥያቄው ከባድ ነው። ዳንቴም የሸሸው አይመስለኝም፤ የቦንኮንቴን አባት ጊዶን በሲኦል 27ኛ ካንቶ አስቀምጦታልና። ጊዶ ጦረኛነቱን ትቶ መንኩሷል፤ ሆኖም ሊቀ ጳጳሳት ቦኒፋስ 8ኛ ገና ላልሠራው ኃጢአት አስቀድሞ ስለ ፈታው፣ ተማምኖ የተንኰል ምክር ሰጠ። በዚህ ጊዜ ጋኔኑ ረታ፤ ሰው ኃጢአቱን እየፈለገው ሊጸጸትበት አይችልምና።

እንግዲህ እንባውና ውሃው በስፍር አይመዘኑም። አባት የንስሓ ሥርዓቱን ሁሉ ፈጽሞ ጠፋ፤ ልጅ ከልብ በመመለሱ ዳነ፤ ቢሆንም በመንጻት ተራራ ግርጌ ገና ይጠብቃል። በእኛው ተአምር ደግሞ ነገሩ በምልጃ ወዲያው ይፈጸማል። የተማሪው ጥያቄ በዚህ አይዘጋም። ይሁን እንጂ ጥያቄው ሊነሣ የቻለው የተበሉትን ሰዎች እንደ ሰዎች ስላያቸው ነው። «ኃጢአት» ብሎ ፈትቶ ቢያልፋቸው ኖሮ ስለ ፍርዳቸው የሚጠይቅላቸው ባልተገኘም ነበር።