ኔትዎርክ ቢቋረጥም ደረሰኝ እንዳይቆም

ሪያድ፦ በመንፉሓና በበጥሓ ሰፈሮች ሱቆች በማለዳ ሲከፈቱ ከበሩ ቀጥሎ የሚነሣው የሽያጭ ኮምፒዩተሩ ነው። ኔትዎርክ በሌለበት ቀን ግን አንዳንዱ ማሽን መነሣት ጀምሮ መሃል ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ደንበኛው ቆሞ ይጠብቃል፤ ደረሰኝ አይወጣም።

የሳዑዲ ዓረቢያ የዘካ፣ የግብርና የጉምሩክ ባለሥልጣን ለተጨማሪ እሴት ታክስ ለተመዘገቡ ነጋዴዎች የኤሌክትሮኒክ ደረሰኝን ግዴታ ያደረገው ከዲሴምበር 4 ቀን 2021 ጀምሮ ነው። ከጃንዋሪ 2023 ወዲህ በየደረጃው በሚተገበረው ሁለተኛ ምዕራፍ፣ ለሸማች የሚሰጠው ቀለል ያለ ደረሰኝ በ24 ሰዓት ውስጥ ለባለሥልጣኑ ይላካል። ስለዚህ ለአጭር መቋረጥ ደንቡ ራሱ ፋታ ይሰጣል፤ ፋታውን የሚነፍገው የማሽኑ አደረጃጀት ነው።

በብዙ ሰርቨሮችና በአንዳንድ የሽያጭ ማሽኖች ላይ በሚሠራው ሊኑክስ፣ አገልግሎቶችን በተራ የሚያስነሣው በአብዛኛው ሲስተምዲ የተባለው ፕሮግራም ነው። አንድ አገልግሎት ኔትዎርክ እስኪገኝ እንዲቆይ ከታዘዘ፣ የሲስተምዲ የኔትዎርክ ጠባቂ ሌላ ገደብ ካልተሰጠው እስከ 120 ሰከንድ ይጠብቃል። ከኋላው የተሰለፉትም አብረው ይዘገያሉ።

ጠባቂው የሚያረጋግጠው ማሽኑ በሱቁ ኔትዎርክ ውስጥ መገናኘቱን እንጂ ከውጭው ዓለም መድረሱን አይደለም። በሴፕቴምበር 6 ቀን 2025 በጅዳ አቅራቢያ የቀይ ባሕር ገመዶች ተቆርጠው በበርካታ አገሮች ኢንተርኔት ተዳክሞ ነበር። እንዲህ ባለ ቀን ጠባቂው «ኔትዎርክ አለ» ብሎ ያልፋል፤ ከሩቅ ሰርቨር መልስ የሚሻው አገልግሎት ግን ተንጠልጥሎ ይቀራል።

መፍትሔው ሥራውን መለየት ነው። ደረሰኝ የሚያትመው አገልግሎት ኔትዎርክን ሳይጠብቅ ይነሣ፤ መላኩ ለሌላ አገልግሎት ይሰጥ፤ ያልተላከው በዲስክ ተቀምጦ መስመሩ ሲመለስ ይሂድ። የግድ መጠበቅ ላለበት አገልግሎት አጭር የጊዜ ገደብ ይወሰን፤ ካልተሳካለትም ጥቂት ቆይቶ በራሱ እንዲሞክር ይታዘዝ። በኔትዎርክ በኩል ለሚገኝ የፋይል ማከማቻ ደግሞ «ኖፌል» የተባለው ምልክት ሲጨመር፣ ማከማቻው ባይገኝም ማሽኑ መነሣቱን አያቆምም።

ማረጋገጫው ሁለት ሙከራ ነው። በመጀመሪያ የማሽኑን የኔትዎርክ ገመድ፣ ቀጥሎም ገመዱን መልሶ ወደ ራውተሩ የሚገባውን የውጭ መስመር ነቅሎ ማሽኑን በየጊዜው እንደ አዲስ ማስነሣት። በሁለቱም ጊዜ ደረሰኝ ከታተመ፣ ባለሱቁ የባሕር ገመድ የተቆረጠ ዕለትም በሩን ያለ ሥጋት ይከፍታል።