ተነቅሎ የሚበቅል ማስጠንቀቂያ፤ በንግድ ቤት ኮምፒዩተር ውስጥ ስለሚሸሸግ ነቀዝ

ሽምብራ ለብዙ ጊዜ በመጋዘን ያስቀመጠ የማክሰኝት ነጋዴ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ነቀዝ የያዘውን እህል ነፍቶ ጥንዚዛውን ማራገፍ ብቻውን እህሉን አያድነውም። በዐይን የሚታየው ቢራገፍም ትሉ በፍሬው ውስጥ ተሸሽጎ ይቀራልና ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ያው ነቀዝ እንደገና ይወጣል። ዛሬ በንግድ ቤቶቻችን ጠረጴዛ ላይ በተቀመጡት ኮምፒዩተሮች የሚታየው ችግር ከዚህ እምብዛም የተለየ አይደለም። ጸረ ቫይረሱ አደገኛ ፋይል አግኝቶ ማስወገዱን ያስታውቃል፤ ባለቤቱም ደስ ብሎት ሥራውን ይቀጥላል፤ በማግስቱ ጧት ያው ማስጠንቀቂያ በያው ስም ተመልሶ ይመጣል። ይህ ሲደጋገም ብዙ ሰዎች ይሰለቹና ማስጠንቀቂያውን ሳያነቡ መዝጋትን ልማድ ያደርጉታል። ሆኖም ተመላልሶ የሚመጣ ማስጠንቀቂያ የተወገደውን ፋይል እንደገና የሚፈጥር ሌላ ነገር በስውር መኖሩን የሚመሰክር ስለሆነ፣ ያን ስውር ነገር ፈልጎ ማግኛውን መንገድ ለነጋዴው ወገን መግለጽ ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል።

ነገሩ ለነጋዴ ከሌላው ሰው ይልቅ የሚከብድበት ምክንያት አለው። ቀድሞ ሌባ የነጋዴን ገንዘብ ለመውሰድ የሱቁን በር መስበር ያስፈልገው ነበር። ዛሬ ግን የባንክ ሒሳቡ፣ ከውጭ አገር ገዥ ጋር የሚያደርገው መጻጻፍ፣ የግብር ሰነዱ፣ እንደዚሁም በ2012 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው የኤሌክትሮኒክ አንድ መስኮት አገልግሎት የሚያቀርበው የገቢና የወጪ ዕቃ ማመልከቻ በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ተሰብስበው ሊገኙ ይችላሉ። ከተንኮለኛ ሶፍትዌሮች መካከል መረጃ ሰራቂ የሚባሉት፣ በብራውዘር ውስጥ የተቀመጡትን የይለፍ ቃሎች ለቅመው በሩቅ ላለው ጌታቸው ይልካሉ። ሌባውም ወዲያው ራሱን አይገልጥም፤ ደብዳቤዎቹን እያነበበ ጊዜ ይጠብቃል። ሰሊጡ ወይም ሽምብራው ተጭኖ ክፍያ በሚጠበቅበት ሰዓት፣ የባንክ ሒሳባችን ተለውጧል የሚል ደብዳቤ በሻጩ ስም ለገዥው ይጽፋል። ገዥው በቅን ልቡና ገንዘቡን ይልካል፤ ሻጩ ግን ዕቃውንም ዋጋውንም አጥቶ ይቀራል። የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ እንዳስታወቀው፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ብቻ በዚህ ዓይነት የንግድ ኢሜይል ማጭበርበር ጠፋ ተብሎ የተመለከተለት ገንዘብ ከ2.9 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው።

የተወገደው ነገር እንዴት ተመልሶ እንደሚመጣ ለመረዳት የኮንፊከርን ታሪክ ማስታወስ ይጠቅማል። ማይክሮሶፍት በጥቅምት ወር 2001 ዓ.ም. በዊንዶውስ ውስጥ የተገኘን ቀዳዳ የሚደፍን ማሻሻያ አወጣ። በሚቀጥለው ወር ኮንፊከር የተባለው ትል ማሻሻያውን ያልጫኑትን ኮምፒዩተሮች እየፈለገ ይገባባቸው ጀመር፤ ብዙም ሳይቆይ በዓለም ዙሪያ በሚሊዮን የሚቈጠሩ ኮምፒዩተሮችን ያዘ። ትሉ በአንድ በር ብቻ የሚገባ አልነበረም። ደካማ የይለፍ ቃል እየገመተ በኔትወርክ ወደ ተያያዙት ጎረቤት ኮምፒዩተሮች ይሻገራል፤ በፍላሽ ላይ ተሳፍሮ ከቢሮ ወደ ቢሮ ይሄዳል፤ የጸረ ቫይረስ ኩባንያዎችን ድረ ገጾች እንዳይከፈቱ ያግዳል፤ በተወሰነ ሰዓት እንደገና እንዲነሣም ለራሱ ቀጠሮ ይይዛል። ከዚህም የተነሣ አንዱን ኮምፒዩተር ብቻ አጽድቶ ያረፈ መሥሪያ ቤት፣ ከጎኑ ካለው ኮምፒዩተር ያንኑ ትል ተመልሶ ይቀበል ነበር። ማይክሮሶፍት የትሉን ሠሪዎች ለጠቈመ ሰው 250,000 ዶላር ወሮታ እስከ መመደብ ደርሷል።

ከዚህ ታሪክ ነጋዴው የሚያገኘው ትምህርት፣ ጸረ ቫይረሱ የሚያገኘው ፋይል ብዙ ጊዜ ፍሬው እንጂ ሥሩ አለመሆኑን ነው። ሥሩ የሚሸሸግባቸው ስፍራዎች ግን እንደሚፈሩት ብዙ አይደሉም። አንደኛው ኮምፒዩተሩ ሲበራ አብረው የሚነሡት ፕሮግራሞች ዝርዝር፣ ማለት ስታርትአፕ ነው። ሁለተኛው ታስክ ስኬጁለር የሚባለው የቀጠሮ መዝገብ ነው። ሦስተኛው ሰርቪስ ተብለው ከበስተጀርባ የሚሠሩት ፕሮግራሞች ናቸው። አራተኛው በብራውዘሩ ላይ የተለጠፈ ኤክስቴንሽን ነው፤ ይህም ከኢሜይል አካውንቱ ጋር የተሳሰረ ከሆነ ከኮምፒዩተሩ ቢጠፋም አካውንቱ መልሶ ሊያመጣው ይችላል። አምስተኛው ከኮምፒዩተሩ ውጭ ያለው ፍላሽ፣ ወይም በኔትወርክ የተያያዘው ሌላ ኮምፒዩተር ነው።

ፍለጋው የሚጀምረው ማስጠንቀቂያውን ከማንበብ ነው። ባለሱቁ የብድር መዝገብ እንደሚይዝ ሁሉ፣ የተገኘውን ነገር ስም፣ ፋይሉ የተገኘበትን ፎልደር፣ ቀኑንና ሰዓቱን በወረቀት ላይ ይጻፍ። ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው ማይክሮሶፍት ዲፌንደር ይህን ሁሉ ፕሮቴክሽን ሂስትሪ በሚባለው ገጽ መዝግቦ ያስቀምጣል። ሦስት አራት ጊዜ ከተጻፈ በኋላ ሰዓቶቹን ማስተያየት ነው። ማስጠንቀቂያው ኮምፒዩተሩ በበራ ቍጥር ከመጣ ሥሩን በስታርትአፕ ወይም በሰርቪስ መፈለግ ይገባል። በየሰዓቱ ወይም በየቀኑ በተወሰነ ደቂቃ ከመጣ የቀጠሮ መዝገቡ ይመርመር። ብራውዘር ሲከፈት ከመጣ ኤክስቴንሽኖቹ ይታዩ። ፍላሽ ሲሰካ ከመጣ ደግሞ ኮምፒዩተሩን ሳይሆን ፍላሹን መጠርጠር ነው፤ ሾርትከት ቫይረስ እየተባለ የሚጠራውም እውነተኞቹን ፎልደሮች ደብቆ በምትካቸው አሳሳች መክፈቻ የሚያስቀምጥ የዚህ ወገን ተንኮል ነው።

አንዳንድ ጊዜም ማስጠንቀቂያው ራሱ ሐሰት ይሆናል። አንድ ድረ ገጽ መልእክት ልላክ ወይ ብሎ ሲጠይቅ ሳያስቡ የፈቀዱለት እንደሆነ፣ በስክሪኑ ጠርዝ ኮምፒዩተርዎ በቫይረስ ተጠቅቷል፣ አሁኑኑ ይክፈሉ እያለ ሲጮኽ ይውላል። እንዲህ ያለውን ለይቶ ማወቅ ቀላል ነው። በእውነተኛው ጸረ ቫይረስ መዝገብ ውስጥ ያ ማስጠንቀቂያ አይገኝም። መድኃኒቱም በብራውዘሩ የኖቲፊኬሽን ዝርዝር ውስጥ ገብቶ ለዚያ ድረ ገጽ የተሰጠውን ፈቃድ መንጠቅ እንጂ ገንዘብ መክፈል አይደለም።

ማስጠንቀቂያው እውነተኛ ሆኖ ከተገኘ፣ የማስወገዱ ሥራ በቅደም ተከተል መሠራት አለበት። በመጀመሪያ ኮምፒዩተሩ ከኢንተርኔትና ከኔትወርክ ይለይ፤ ፍላሾችም ይነቀሉ፤ እስኪጸዳም ድረስ የባንክ ሥራ በዚያ ላይ አይሠራ። ሁለተኛ፣ የሒሳብ መዝገቡና ደብዳቤዎቹ ብቻ ወደ ሌላ ዲስክ ይገልበጡ፤ ፕሮግራሞች ግን አይገልበጡ፤ ፕሮግራሞችን ራሳቸውን የሚበክል ተንኮለኛ አለና። ሦስተኛ፣ በዲፌንደር ውስጥ ኤክስክሉዥን የሚባለው ዝርዝር ይታይ፤ ይህ ጸረ ቫይረሱ እንዳይመረምር የታዘዘባቸው ስፍራዎች ዝርዝር ሲሆን፣ ተንኮለኛው ራሱን በዚያ አስመዝግቦ ተቀምጦ ሊገኝ ይችላል። አራተኛ፣ ማይክሮሶፍት በነጻ የሚሰጠው አውቶራንስ የተባለው ፕሮግራም ከላይ የተጠቀሱትን መሸሸጊያዎች አብዛኛዎቹን በአንድ ገበታ ላይ ዘርግቶ ያሳያል፤ ፕሮግራሙ በሌላ ንጹሕ ኮምፒዩተር ከማይክሮሶፍት ድረ ገጽ ወርዶ ይምጣ። በገበታው ላይ ሠሪው ያልታወቀ፣ ስሙ ትርጕም የሌለው የፊደል ድርድር የሆነ፣ ወይም ከጊዜያዊ ፎልደር የሚነሣ ነገር ቢገኝ ይመርመር። ሆኖም የማያውቁትን ሁሉ መሰረዝ ዊንዶውሱን ሊያበላሽ ስለሚችል፣ አስቀድሞ ምልክቱን አንሥቶ ሥራውን ማገድ፣ ቈይቶም ማጥፋት ይሻላል።

አምስተኛውና ዋነኛው ሥራ ኦፍላይን ስካን የተባለው ምርመራ ነው። ዊንዶውስ በሙሉ ኀይሉ ሳይነሣ ዲፌንደር ብቻውን ተነሥቶ ይመረምራል። ተንኮለኛው ገና ስላልነቃ ራሱን ሊሰውርና ሊከላከል አይችልም። ምርመራው ብዙውን ጊዜ 15 ደቂቃ ያህል ስለሚወስድ፣ መብራት በሚቈራረጥበት ቀን ላፕቶፑን አስቀድሞ ባትሪ አስሞልቶ መጀመር ነው። ከዚህ በኋላ ኮምፒዩተሩ እንደገና ይብራና በወረቀቱ ላይ የተጻፉት ሰዓቶች ሲደርሱ ማስጠንቀቂያው መምጣት አለመምጣቱ ለጥቂት ቀናት ይጠበቅ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ያው ስም ተመልሶ ከመጣ፣ ወይም ኮምፒዩተሩ የባንክ ሥራ የሚሠራበት ሆኖ መረጃ ሰራቂ ከተገኘበት፣ ከዚያ በላይ መድከም አያዋጣም። ዲስኩን ደምስሶ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን ይገባል፤ መጫኛውም በሌላ ንጹሕ ኮምፒዩተር ከማይክሮሶፍት ድረ ገጽ ይዘጋጅ። የግማሽ ቀን ሥራ ማጣት የአንድ ጭነት ዋጋ ከማጣት ይቀላል። የይለፍ ቃሎችም ሁሉ ይለወጡ፤ ነገር ግን በታመመው ኮምፒዩተር ላይ ሆኖ መለወጥ አዲሱንም ቍልፍ ለሌባው ማስረከብ ነውና፣ ለውጡ በንጹሕ መሣሪያ ይፈጸም። ከዚያም ኢሜይሉ ከተከፈተባቸው መሣሪያዎች ሁሉ ይውጣ፤ በስልክ የሚመጣ ሁለተኛ ማረጋገጫም ይጨመርበት። የባንክ ሒሳብ ለውጥ የሚል ደብዳቤ ሲደርስም፣ ከዚህ በፊት በሚታወቀው ስልክ ቍጥር ደውሎ በቃል ሳያረጋግጡ አንድ ሳንቲም አለመላክን የንግድ ቤቱ ደንብ ማድረግ ይገባል።

ነቀዙ የሚገባበት በር ካልተዘጋ ግን ማጽዳቱ ከንቱ ድካም ይሆናል። በአገራችን ከተለመዱት በሮች አንዱ በፍላሽ የሚዞረው የተሰረቀ ሶፍትዌር ነው። ክራክ የሚባለው የፈቃድ መስበሪያ ከመጫኑ በፊት ጸረ ቫይረሱን አጥፉ ብሎ ያዛል፤ ዘበኛውን አስወጥታችሁ በሩን ክፈቱልኝ የሚል እንግዳ ምን ይዞ እንደሚገባ መገመት አያዳግትም። ሌላው ሐሰተኛ ማሻሻያ ነው። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ የተባለ የምርምር ተቋም በኅዳር ወር 2010 ዓ.ም. ባወጣው ጥናት፣ በውጭ አገር ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በተላኩ ኢሜይሎች ቪዲዮ ለማየት አዶቤ ፍላሽን አድሱ እየተባለ የስለላ ሶፍትዌር ሲጫንባቸው እንደነበረ ገልጧል። በዚያ ጕዳይ የተፈለገው ገንዘብ ባይሆንም ዘዴው ለነጋዴም ያው ነው፤ ደረሰኝ ወይም የዋጋ ማቅረቢያ መስሎ ይመጣል። ስለሆነም ማሻሻያ የሚወሰደው ከሶፍትዌሩ ባለቤት ብቻ ይሁን። ማይክሮሶፍት በጥቅምት ወር 2018 ዓ.ም. ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ስላቆመ፣ በዚያ የሚሠሩ ንግድ ቤቶች ኮምፒዩተራቸው ወደ ዊንዶውስ 11 ማደግ መቻሉን ያስመርምሩ።

ሕጉም ከተጐጂው ጋር ነው። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቍጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወደ ሰው ኮምፒዩተር መግባትንና መረጃን ማበላሸትን በወንጀል ያስቀጣል፤ በኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር ሥር የሚገኘው ኢትዮ ሰርትም የዚህን ዓይነት ጥቃት ጥቆማ የሚቀበል ክፍል ነው። ገንዘብ ተልኮ ከሆነ ግን ከሁሉ አስቀድሞ ለባንኩ በዚያው ሰዓት ማስታወቅ ያስፈልጋል፤ ገንዘቡ ከተቀባዩ ሒሳብ ሳይወጣ ሊታገድ የሚችለው በመጀመሪያዎቹ ሰዓቶች ነውና።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። በአንድ ንግድ ቤት የታየ ማስጠንቀቂያ በጋራ ጽሕፈት ቤት፣ በጋራ ፍላሽ ወይም በጋራ ሒሳብ ሠራተኛ አማካይነት ወደ ጎረቤቱ ሊሻገር ስለሚችል፣ ችግሩ የደረሰበት ነጋዴ ሳያፍር ለጎረቤቱና ለሒሳብ ሠራተኛው ያስታውቅ። እያንዳንዱ ነጋዴም ዛሬ ማታ ሱቁን ከመዝጋቱ በፊት የኮምፒዩተሩን የማስጠንቀቂያ መዝገብ ከፍቶ፣ አንድ ስም ሁለት ጊዜ ተጽፎ እንደሆነ ይመልከት። ሁለት ጊዜ ከተጻፈ ወረቀትና እርሳስ አንሥቶ ሰዓቱን መጻፍ ይጀምር።