ከሲፍ ወደ ዋይዝማን፦ በሬሆቮት የአንድ የምርምር ተቋም የለውጥ ዘመን

የምሁራን ማኅበራትና የምርምር ተቋማት አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ብርቱ ሰው ጥረት ይመሠረታሉ፤ ከባዱ ፈተና የሚመጣው ግን ያ ሰው ሲያረጅ፣ ተቋሙም ከእርሱ አቅም በላይ ሲሰፋ ነው። ከቴል አቪቭ በስተደቡብ በምትገኘው በሬሆቮት ከተማ ያለው የዋይዝማን የሳይንስ ኢንስቲትዩት በዚህ ፈተና ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1944 እስከ 1959 ባሉት ዓመታት አልፏል፤ ያለፈበትም መንገድ ማኅበር ለሚመሩ ሁሉ ሊጠና የሚገባው ነው።

ተቋሙ በ1934 ሲከፈት ስሙ የዳንኤል ሲፍ የምርምር ኢንስቲትዩት ነበር። ለምሥረታው ገንዘብ የሰጡት የእንግሊዙ የማርክስ ኤንድ ስፔንሰር መደብሮች ባለቤቶች ከነበሩት ቤተሰቦች ወገን የሆኑት እስራኤልና ርብቃ ሲፍ ሲሆኑ፣ ስሙም በለጋ ዕድሜው ለሞተው ልጃቸው መታሰቢያ የተሰጠ ነው። ገንዘቡን ያሰባሰበው፣ ተመራማሪዎቹን የመረጠውና ራሱም በቤተ ሙከራው የሠራው ኬሚስቱና የጽዮናዊ ንቅናቄ መሪው ሐይም ዋይዝማን ነበር። የዕለት ተዕለቱን ሳይንሳዊ ሥራ የሚመራው ደግሞ ናዚዎች በ1933 ከበርሊን ዩኒቨርሲቲ ያባረሩት ኬሚስት ኤርንስት ዳቪድ በርግማን ነበር። ተመራማሪዎቹ ጥቂት፣ የምርምሩም ዘርፍ በዋናነት ኬሚስትሪ ስለነበር ሁለቱ ሰዎች ተማክረው የወሰኑት ነገር ሁሉ በቀላሉ ይፈጸም ነበር።

ዋይዝማን 70 ዓመት በሞላበት በ1944 ወዳጆቹ ተቋሙን ወደ ሰፊ የሳይንስ ማዕከል ለማሳደግ አሰቡ፤ በ1946 የመሠረት ድንጋይ ተጣለ፣ ኖቬምበር 2 ቀን 1949ም በአዲሱ ስም ተመረቀ። በዚያ ጊዜ ዋይዝማን የእስራኤል የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ሆኖ ነበር፤ ጤናው ታውኳል፣ ዓይኑም ደክሟል። ሒሳብ፣ ፊዚክስና ባዮሎጂ ወደ ተቋሙ ሲገቡ ደግሞ አንድ ኬሚስት ብቻውን ሊመዝነው የማይችል ውሳኔ በዛ። በጀትንና ሹመትን የሚመለከት የበላይ ቦርድ፣ በምርምር ጉዳይ የሚመክር የፕሮፌሰሮች ጉባኤ ያለው አስተዳደር ያስፈለገው ስለዚህ ነው።

ለዚህ አንዱ ማሳያ ኮምፒውተር የመሥራት ውጥን ነው። የሒሳብና የፊዚክስ ሊቁ ሐይም ፔከሪስ ወደ ሬሆቮት ለመምጣት ኤሌክትሮኒክ ኮምፒውተር እንዲሠራ ይፈቀድለት ዘንድ ጠይቆ ነበር። አገሪቱ ገና የተመሠረተች፣ ምግብ እንኳ በራሽን የሚታደልባት ነበረች፤ አልበርት አይንስታይን በነበረበት አማካሪ ኮሚቴም ውስጥ ይህን ያህል ትንሽ አገር እንዲህ ያለ መሣሪያ ምን ይሠራላታል የሚል ጥርጣሬ ተነሥቶ ነበር። ሆኖም ሐሳቡ ተቀባይነት አገኘ፤ ዋይዛክ የተባለው ኮምፒውተርም ከ1954 እስከ 1955 ተገንብቶ ሥራ ጀመረ። ከለውጡ ሥራዎች ሁሉ የላቀው ይህ ሳይሆን አይቀርም፤ መሪዎቹ በማያውቁት ዘርፍ የባለሙያውን ፍርድ አምነዋልና።

ለውጡ ግን ያለ ዋጋ አልመጣም። በርግማን ሳይንስ ለአገር መከላከያ ማገልገል አለበት ብሎ ያምን ስለነበርና ከ1948 ጀምሮም በሠራዊቱ የሳይንስ ክፍል ውስጥ ይሠራ ስለነበር፣ ተቋሙ ከጦር መሣሪያ ሥራ እንዲርቅ ከሚፈልገው ከዋይዝማን ጋር ተቃቃረ፤ ለረጅም ዓመታት እንደ አባትና ልጅ የነበሩት ሁለቱ ሰዎች ሳይታረቁ በርግማን በ1951 ኢንስቲትዩቱን ለቀቀ። በሁለት ሰዎች መተማመን ላይ ብቻ የቆመ አመራር መተማመኑ ሲናድ የሚዳኘው አካል እንደማይኖረው ከዚህ ይታያል። ዋይዝማንም በኖቬምበር 1952 ዐረፈ፤ በሬሆቮት በመኖሪያ ቤቱ ግቢ ተቀበረ።

ከዚያ በኋላ የኢንስቲትዩቱ የፕሬዚዳንትነት ወንበር እስከ 1959 ድረስ ባዶ ሆኖ ቆየ። በዚህ ዘመን አስተዳደሩን የተሸከመው ሜየር ዋይስጋል ሳይንቲስት ሳይሆን ጋዜጠኛና የቴአትር አዘጋጅ የነበረ ሰው ነው፤ ገንዘብ ፈላጊና ሕንፃ አሠሪ ሆኖ የዋይዝማንን ዕቅድ ከፍጻሜ አደረሰ። በ1958 ሁለተኛና ሦስተኛ ዲግሪ የሚሰጠው የፋይንበርግ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት፣ በ1959 ደግሞ የተመራማሪዎችን ግኝት ለኢንዱስትሪ በፈቃድ የሚያስተላልፈው የዳ የተባለው ኩባንያ ተመሠረቱ። በዚያው ዓመት ዲፕሎማቱ አባ ኢባን ፕሬዚዳንት ሆነ፤ በ1960ም ሳይንስ ለአዳዲስ መንግሥታት ስለሚሰጠው ጥቅም የሚመክር ዓለም አቀፍ ጉባኤ በሬሆቮት ተካሄደ። ተቋሙም ከመሥራቹ በኋላ ጸንቶ ቆየ፤ በ2009 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን የተጋራችው አዳ ዮናት የዚሁ ተቋም ተመራማሪ ናት። በጁን 2025 የኢራን ሚሳይል ግቢውን መትቶ ብዙ ቤተ ሙከራዎችን ባወደመ ጊዜም ቤተ ሙከራቸው የፈረሰባቸው ተመራማሪዎች በባልደረቦቻቸው ቤተ ሙከራ ተጠግተው ሥራቸውን ቀጥለዋል።

በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010 የተቋቋመውና በ2013 በአዋጅ ሕጋዊ ሰውነት ያገኘው የኢትዮጵያ ሳይንስ አካዳሚም ከመሥራቾች ወደ ተተኪዎች የሚያደርሰውን መንገድ የሚሄድ ተቋም ነው። በሬሆቮትም ሆነ በሌላ ከተማ የባህል፣ የቋንቋ ወይም የምርምር ማኅበር የመሠረቱ ቤተ እስራኤላውያንና ኢትዮጵያውያን፣ መሥራቹ በሕይወትና በጤና ሳለ የሥልጣን ዘመኑን ገደብ፣ የገንዘቡን ተቆጣጣሪና አለመግባባት የሚዳኘውን አካል በመተዳደሪያ ደንባቸው ላይ ይጻፉ።