የመኪናን ሞተር ሕመም ከሥሩ ስለ መመርመር

ክቡር አንባቢ ሆይ፤ «ነገርን ከሥሩ፥ ውኃን ከጥሩ» የሚለው የአባቶች ቃል ለዳኛ ብቻ ሳይሆን ለመኪና ባለቤትም የሚጠቅም ምክር ነው። ካርቡራተር ያለው አሮጌ መኪና ሲያስቸግር፥ ብዙ ጀማሪ ካቻቢቴውን አንሥቶ የካርቡራተሩን ብሎን ማዞር ይጀምራል። ነገር ግን ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በሌላ ስፍራ ስለ ሆነ፥ አንዱ ሕመም ሁለት ሆኖ ያርፋል።

አንዲት አሮጌ ቮልስዋገን በአዲስ አበባ በደኅና ስትሠራ ቆይታ፥ ለበዓል ቤተ ሰብ ጭና ወደ ራያ ቆላ ወረደች እንበል። ወልድያን አልፋ፥ ቆቦ ሳትደርስ፥ ሮቢት ላይ በቀትር ቆመች። እናት ልጇን ታቅፋ ከጥላ ሥር ተቀምጣለች፤ አባት ከኋላ ያለውን የሞተር ክዳን ከፍቶ ቆሟል። እንግዲህ ምን ያድርግ?

በመጀመሪያ እሳቱን ይመርምር። አንዱን ካንዴላ ፈትቶ ከሽቦው ጋር ያገናኘው፤ ብረቱንም ከሞተሩ አካል ጋር አስነክቶ፥ እጁን አርቆ፥ ሌላ ሰው ሞተሩን ያዙርለት። ሰማያዊና ብርቱ ብልጭታ ከታየ እሳቱ ደኅና ነው፤ ካልታየ ግን ፑንቲናውን፥ ቦቢናውንና ሽቦዎቹን መመርመር ይገባል። ቤንዚን በፈሰሰበት ስፍራ ይህን ማድረግ ክልክል ነው።

ቀጥሎ የካንዴላውን ጫፍ ይመልከት። ርጥብ ከሆነ ቤንዚን በዝቷል፤ ደረቅ ከሆነ ግን አልደረሰም። በቆላ ሙቀት ቤንዚኑ በቧንቧው ውስጥ ፈልቶ ተን ሲሆን፥ ፖምፓው ሊገፋው ይሳነዋል። መድኀኒቱ ትዕግሥት ነው፤ ይኸውም ሞተሩ እስኪበርድ መጠበቅና በቧንቧው ላይ ርጥብ ጨርቅ ማኖር ነው። ቤንዚን በእጅ ወደ ካርቡራተር እያፈሰሱ ማስነሣት ግን መኪናንም ሰውንም ያቃጥላል።

ሌላም ምክንያት አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ስትሆን፥ የቆቦ ሜዳ 1,500 ሜትር ገደማ ነው። በደጋ አየሩ ስስ ስለ ሆነ፥ ካርቡራተሩ በአየሩ መጠን ሲለካ ቤንዚን ያበዛል። ለደጋ ተብሎ ቤንዚኑ የተቀነሰበት ሞተር ወደ ቆላ ሲወርድ፥ አየሩ ይበዛበታል፥ ቤንዚኑ ያንሰዋል፥ ከመጠን በላይም ይግላል። ለዚህ ምስክሩ ካንዴላው ነው፤ የቡና መልክ ያለው ደኅና፥ ጥቁር ጥላሸት የያዘው ቤንዚን የበዛበት፥ የነጣው ቤንዚን ያነሰው ነው።

ማስተካከል ሲያስፈልግም ሥርዐት አለው። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ የቫልቮላው ክፍተት ይለካል። ከዚያ ካንዴላው ይጸዳል፤ የፑንቲናው ክፍተት ይስተካከላል፤ ይህም በቮልስዋገን 0.4 ሚሊ ሜትር ነው። ቀጥሎ እሳቱ የሚሰጥበት ጊዜ ይታያል፤ የፑንቲናው ክፍተት ሲለወጥ የእሳቱም ጊዜ ይለወጣልና። የአየሩም ፊልትሮ ይጸዳል። ካርቡራተሩ የመጨረሻው ነው። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ብሎኑ የነበረበትን ስፍራ ምልክት አድርጎ፥ ወደዚህና ወደዚያ በጥቂት በጥቂቱ እያዞሩ፥ ሞተሩ ፈጥኖና ሳይንገዳገድ በሚዞርበት ላይ መተው ነው። ይህ ብሎን ግን የሚገዛው መኪናው ቆሞ ሲሠራ ያለውን አዟዟር ብቻ ስለ ሆነ፥ በጉዞ ላይ ያለውን የቤንዚን ማነስ አያድንም፤ ለዚያ የካርቡራተሩን የቤንዚን ቀዳዳ የሚለውጥ ባለሙያ ያስፈልጋል። በተዘጋ ጋራዥ ውስጥም ሞተር ማስነሣት አይገባም፤ ጢሱ ሽታ የሌለው ገዳይ መርዝ አለበትና።

እንግዲህ ክቡር አንባቢ ሆይ፤ በአንድ ጊዜ ከአንድ ነገር በላይ አይንኩ፤ የነኩትንም በማስታወሻ ይጻፉ። በቢሮ መዝገብን በተራው የሚመረምር ሰው፥ ሞተርንም በተራው ቢመረምር፥ ደመወዙን ከከንቱ ወጪ፥ ቤተ ሰቡንም ከቀትር ፀሓይ ያድናል።