የተዋናይቱ የሩት ነጋ ሕይወትና ሥራ፤ ለከተማ ዳር ወጣቶች የሚሰጠው ትምህርት

ቴሌቪዥን በአገራችን ሥራውን የጀመረው በ1957 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ውስጥ በተዘጋጀ ስቱዲዮ ነበር። በዚያን ጊዜ ተመልካቹ ጥቂት ነበር፤ ዛሬ ግን በዋና ከተማይቱ ዙሪያ ባሉት በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ዲሽ የማይታይበት ሰፈር ማግኘት ያስቸግራል። ወጣቱ በየማታው የሚመለከታቸውን የውጭ አገር ተዋናዮች በመልክ ያውቃቸዋል፤ በምን ዓይነት ትምህርትና ድካም ለዚያ እንደ በቁ ግን የሚነገረው ጥቂት ነው። በዚህም ምክንያት ብዙዎች ይህን ሙያ የመልክና የዕድል ነገር ብቻ አድርገው ይገምቱታል።

ይህ ግምት ትክክል አለመሆኑን ለማስረዳት በእንግሊዝ፣ በአየርላንድና በአሜሪካ ቴሌቪዥን የታወቀችውን የአዲስ አበባ ተወላጅ የሩት ነጋን ታሪክ መርጠናል። ከዚህ በታች በውጭ አገር ለተደረጉት ነገሮች የተሰጡት ዓመታት በኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

፩ኛ፤ ትውልድና አስተዳደግ

ሩት ነጋ በ1980ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ በአዲስ አበባ ተወለደች። አባቷ ኢትዮጵያዊ ሐኪም፣ እናቷ የአየርላንድ ተወላጅ የሆኑ ነርስ ነበሩ። አራት ዓመት ሲሆናት ወደ አየርላንድ ተወስዳ በሊመሪክ ከተማ አደገች። ሰባት ዓመት ሲሆናት አባቷ በመኪና አደጋ ስለ ሞቱ ያደገችው በእናቷ ዘመዶች መካከል ነው። ኋላም ወደ ሎንዶን ሄዳ ትምህርቷን ቀጠለች። ከአባቷ ወገን የቀረላት ስሟ ነው። የውጭ አገር ሰው «ነጋ» የሚለውን ቃል ትርጉሙን ሳያውቅ ይጠራዋል፤ አማርኛ የሚያውቅ ሁሉ ግን ንጋትን ይሰማበታል።

፪ኛ፤ ትምህርትና መድረክ

ሩት የትወናን ሙያ የተማረችው በደብሊን ከተማ በትሪኒቲ ኮሌጅ፣ በሳሙኤል ቤኬት ማዕከል ነው። የትወና ትምህርት ቃል ማጥናት ብቻ አይደለም። ተማሪው ድምፁን ያለ ጩኸት እስከ መጨረሻው ወንበር ማድረስን፣ ትንፋሹን መቈጠብን፣ የሰውነቱን እንቅስቃሴ መግዛትን፣ ከሁሉም በላይ አብሮት የሚጫወተውን ሰው በጥሞና ማዳመጥን ይለማመዳል።

ከዚህ በኋላ የመጀመሪያ ዕውቅናዋን ያገኘችው በመድረክ ነው። «ዳክ» በተባለው የስቴላ ፊሂሊ ትያትር ላይ ባሳየችው ችሎታ በ2003 ከአዳዲስ ተዋናዮች መካከል ለእንግሊዝ የኦሊቪየር ሽልማት ታጨች። በ2009 በሎንዶን ብሔራዊ ትያትር «ፌድር» በተባለው ድርሰት ከዝነኛዋ ከሄለን ሚረን ጋር ተጫወተች። በሚቀጥለው ዓመት በዚያው መድረክ በሼክስፒር «ሐምሌት» ውስጥ ኦፌሊያን ሆነች።

፫ኛ፤ የቴሌቪዥን ሥራ

በመድረክና በቴሌቪዥን መካከል ያለውን ልዩነት ማስረዳት ያስፈልጋል። በመድረክ ላይ ታሪኩ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአንድ ምሽት በተከታታይ ይፈጸማል። በቴሌቪዥን ግን በፊልም የሚነሣው እንደ ታሪኩ ቅደም ተከተል ሳይሆን ለሥራው እንደ ተመቸ ነው፤ የመጨረሻው ልቅሶ በመጀመሪያው ቀን፣ የመጀመሪያው ሰላምታ በመጨረሻው ሳምንት ሊነሣ ይችላል። ስለዚህ ተዋናዩ የሰውየውን ሕይወት በሙሉ በአእምሮው ይዞ መገኘት አለበት። ደግሞም ካሜራው ቅርብ ስለ ሆነ በመድረክ ላይ በእጅ እንቅስቃሴ የሚገለጸው ነገር እዚህ በዓይን ሽፋሽፍት ብቻ ይገለጻል። በመድረክ የተማረ ሰው የሚያበዛውን መቀነስ ይችላል፤ ያልተማረ ሰው ግን የሚቀንሰው የለውም።

ሩትም በቴሌቪዥን የጀመረችው በአነስተኛ ቦታዎች ነበር። በ2008 በእንግሊዝ ቢቢሲ «ክሪሚናል ጀስቲስ» በተባለው ተከታታይ ድራማ፣ በ2010 ደግሞ በእንግሊዞቹ «ሚስፊትስ» እና በአየርላንዱ «ላቭ/ሄት» ታየች። በ2011 ቢቢሲ ስለ ዘፋኝዋ ስለ ሸርሊ ባሲ ባዘጋጀው ፊልም ዋናዋን ሴት ሆና ተጫውታ የአየርላንድን የፊልምና የቴሌቪዥን ሽልማት ተቀበለች። ከመጀመሪያው እጩነት እስከዚህ ድረስ 8 ዓመት አልፏል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው።

ከዚያ ወዲያ የአሜሪካ ቴሌቪዥን ጠራት። ከ2013 ጀምሮ «ኤጀንትስ ኦቭ ሺልድ»፣ ከ2016 እስከ 2019 «ፕሪቸር» በተባሉት ተከታታይ ድራማዎች ተጫወተች። በ2024 በታየው «ፕሪዙምድ ኢኖሰንት» የተከሳሹን ሚስት ሆና በመጫወቷ በ2025 ለኤሚ ሽልማት ታጭታለች።

በሲኒማ በይበልጥ የታወቀችው በ2016 በወጣው «ላቪንግ» ነው። ፊልሙ በአሜሪካ በቨርጂኒያ ክፍለ ግዛት ነጭና ጥቁር መጋባት በሕግ በተከለከለበት ዘመን በ1958 ስለ ተጋቡት ባልና ሚስት የሚናገር እውነተኛ ታሪክ ነው፤ የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ክልከላውን የሻረው በ1967 ነበር። የአየርላንዳዊትና የኢትዮጵያዊ ልጅ የሆነችው ሩት የሚስቲቱን የሚልድረድን ቦታ ይዛ፣ ብዙ ሳትናገር በዝምታዋ ሕዝቡን ስለ ነካች በ2017 ለኦስካር የዋና ተዋናይት ሽልማት ከታጩት 5 ሴቶች አንዷ ሆነች።

ከዚህ ክብር በኋላ መድረኩን አለመተዋን ልብ ልንል ይገባል። በ2018 በደብሊን ጌት ትያትር ሐምሌትን ራሱን ሆና ተጫወተች። በ2022 ደግሞ በኒው ዮርክ የማክቤዝን ሚስት ተጫውታ ለቶኒ ሽልማት ታጨች።

፬ኛ፤ ለእኛ የሚሰጠው ትምህርት

ሩት ነጋ ለኦስካር በታጨች ጊዜ ብዙዎቻችን «የእኛ ናት» ብለን ተደስተናል። ደስታው አይነቀፍም። ነገር ግን ትውልድ ብቻውን ተዋናይ አያደርግም፤ ያደረጋት የትወና ትምህርት፣ የትያትር ቤትና ተስፋ ሳይቈርጡ መሥራት ነው። ከእነዚህ ሁለቱን ያገኘችው በሌላ አገር ነው። ስለዚህ «የእኛ ናት» ከማለታችን ጋር፣ እዚሁ ለቀሩት እኩዮቿ ምን ሰጠን ብለን መጠየቅ ይገባናል።

ጥያቄው በይበልጥ የሚመለከተው የከተማ ዳር ወጣቶችን ነው። ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ ከእንጦጦ ወዲያ በጎጃም መንገድ የሚገኙ ሲሆኑ በ2015 ዓ.ም. ከሌሎች ከተሞች ጋር በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ተጠቃለዋል። ስመ ጥር የሆኑት ብሔራዊ ትያትርና ሀገር ፍቅር ትያትር ግን ያሉት በመካከለኛው አዲስ አበባ ነው። ለሱሉልታ ተማሪ ትያትር ማየት ማለት እንጦጦን ተሻግሮ መሄድ፣ ማታም የመመለሻ ታክሲ መፈለግ ማለት ነው።

ቢሆንም ከትልቅ ከተማ ውጭ የተወለደ ሁሉ ከዚህ ሙያ የራቀ ነው ማለት አይደለም። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ቡራዩን አቋርጦ በሚያልፈው መንገድ ጫፍ በአምቦ አጠገብ ተወልደው፣ ገና በአምቦ ተማሪ ሳሉ ትያትር ጽፈዋል። ኋላም በሎንዶን በሮያል ኮርት ትያትር ተምረው፣ ሩት በባዕድ መድረክ የተጫወተቻቸውን ሐምሌትንና ማክቤዝን ለእኛ በአማርኛ መለሱልን። መነሻቸው የትምህርት ቤት መድረክ ነበር።

በእኛ አስተያየት የሚጀመረውም ከዚሁ ነው። የየትምህርት ቤቱ የትያትር ክበብ ለበዓል ቀን ብቻ የሚጠራ መሆኑ ቀርቶ ዓመቱን በሙሉ ቢሠራ፣ የከተማው የስብሰባ አዳራሽ በወር አንድ ምሽት ለወጣቶች ቢከፈት፣ ትያትሩም በኦሮምኛና በአማርኛ ቢቀርብ፣ ወጪው ትንሽ ሲሆን ጥቅሙ ብዙ ነው። ከዚህ ሁሉ ወጣት ዝነኛ የሚሆነው ምናልባት አንድ ቢሆን ነው፤ የቀሩት ግን በሰው ፊት ሳይፈሩ መናገርንና የሌላውን ሰው ኀዘንና ደስታ ማስተዋልን ተምረው ይወጣሉ።