ከገጠር ካውንቲ የመጣ ቲኬት፦ ከመክፈልዎ በፊት መዝገቡን ይመልከቱ

ከዋሽንግተንና ከአካባቢዋ ተነሥቶ በሃይዌይ 81 ወደ ቴነሲ፣ ወይም በ95 ወደ አትላንታ ለሠርግ፣ ለለቅሶ ወይም ለሥራ ያልተጓዘ ወገን ጥቂት ነው። ሃይዌይ 81 ቨርጂንያ ውስጥ ብቻ 325 ማይል ያህል ይረዝማል። መንገዱ ረጅም፣ ተራራው የሚያምር፣ ጨዋታውም የደራ ሲሆን እግር ሳይታወቀው ነዳጁን ይረግጣል። ከዚያ ከኋላ ሰማያዊ መብራት! ቲኬቱን ተቀብለን "ቤቴ ስደርስ እከፍለዋለሁ" ብለን ጉዟችንን እንቀጥላለን። የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚያች ወረቀት ነው።

በአሌክሳንድሪያ የሚኖሩ አንድ ወዳጃችን በ2013 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) 70 ማይል በተፈቀደበት መንገድ በ83 ሲነዱ ተያዙ። በቀጠሮው ቀን ሦስት ሰዓት ነድተው ከአንዲት ትንሽ ከተማ ችሎት ቀረቡ። ዳኛው የጠየቋቸው በቅጡ ሳይገባቸው ጥፋተኛ ነኝ አሉና ቅጣቱን ከፍለው ወጡ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። እሳቸውም ነገሩን ረሱት።

በ2024 የዜግነት ማመልከቻ ሲሞሉ ግን፣ ቅጹ መቼም ቢሆን በፖሊስ ተይዘው ወይም ቲኬት ተሰጥቷቸው እንደሆነ ጠየቃቸው። ጠበቃቸው የፍርድ ቤቱን ውሳኔ አምጡ አሏቸው። ፍርድ ቤቱ ሲጠየቅ ፋይሉ ጊዜው አልፎ ተወግዷል የሚል መልስ መጣ። በዚያ ላይ፣ ተራ ቲኬት ነው ብለው ያለፉት ጉዳይ በቨርጂንያ ሕግ ወንጀል እንደነበረ ያን ዕለት ነው ያወቁት። በመጨረሻ ፍርድ ቤቱ መዝገቡ እንደሌለ የሚገልጽ ደብዳቤ ጽፎላቸው ነገሩ ተቃና፤ የወራት እንቅልፍ ግን አሳጥቷቸዋል።

ቲኬት ወይስ ወንጀል?

ብዙዎቻችን የማናውቀው ነገር ቢኖር፣ ቨርጂንያ ውስጥ ከተወሰነ ፍጥነት በላይ መንዳት "ሪክለስ ድራይቪንግ" የሚባል ወንጀል መሆኑን ነው። ከተፈቀደው 20 ማይል ወይም ከዚያ በላይ ያለፈ፣ ወይም የተፈቀደው ምንም ያህል ቢሆን ከ85 ማይል በላይ የነዳ ሰው በዚህ ይከሰሳል። ከሐምሌ 2020 በፊት ወሰኑ 80 ነበር፤ ወዳጃችንን በ83 ያስከሰሳቸው ይኸው ነው። በ70 መንገድ ላይ በ86 ቢነዱ ያለፉት 16 ማይል ብቻ ነው፤ ሕጉ ግን ወንጀል ይለዋል። ቅጣቱ እስከ 12 ወር እስራትና እስከ 2,500 ዶላር ሊደርስ ይችላል። በፍጥነት ምክንያት ብቻ መታሰር በብዙ ሰው ላይ አይደርስም፤ ጥፋቱ ግን በዲኤምቪ መዝገብ 6 ነጥብ ይዞ ለ11 ዓመት ይቀመጣል።

ስለዚህ ወረቀቱን መኪናው ውስጥ ሳይወረውሩ በደንብ ያንብቡት። የፍርድ ቤቱ ስምና አድራሻ፣ የቀጠሮው ቀንና ሰዓት፣ የተከሰሱበት የሕግ አንቀጽ ተጽፎበታል። ሳይቀርቡ መክፈል የሚፈቀድ መሆን አለመሆኑም እዚያው ተመልክቷል። ለሪክለስ ድራይቪንግ አይፈቀድም። ፖሊሱ ፈርም ሲልዎ መፈረም ጥፋትን ማመን አይደለም፤ ቀጠሮዬን አከብራለሁ ማለት ነው። አስቀድሞ መክፈል ግን ጥፋትን ማመን ነው። ይህን ልዩነት ይያዙልን።

መዝገቡን እንዴት ያገኙታል?

"ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ" ይባላል። ቨርጂንያ 95 ካውንቲዎችና ከካውንቲ ነጻ የሆኑ 38 ከተሞች አሏት። የትራፊክ ጉዳይ የሚታየው "ጄነራል ዲስትሪክት ኮርት" በሚባለው ፍርድ ቤት ነው። ከተማና ካውንቲ አንድ ስም ቢኖራቸውም ፍርድ ቤታቸው የተለያየ ሊሆን ይችላል፤ እንደ ሃሪሰንበርግና ሮኪንግሃም በአንድ ፍርድ ቤት የሚጠቀሙም አሉ። ስለዚህ በግምት አይሂዱ፤ በወረቀቱ ላይ ያለውን ስም ይከተሉ።

ወረቀቱ ቢጠፋብዎ የቨርጂንያ ፍርድ ቤቶች በኢንተርኔት ያለ ክፍያ የሚያሳዩት የመዝገብ መፈለጊያ አለ። በስም፣ በመዝገብ ቁጥር ወይም በቀጠሮ ቀን ይፈለጋል። ክሱን፣ ቀጠሮውን፣ ውሳኔውንና ያለብዎትን ገንዘብ ያሳያል። ቲኬቱ በተሰጠ ማግስት ላይታይ ይችላልና ጥቂት ቀን ታግሠው ደግመው ይመልከቱ።

እዚህ ላይ እኛን ኢትዮጵያውያንን የሚያስቸግር ነገር አለ፤ እሱም ስማችን ነው። አንዱ ቤት የአባት ስም፣ ሌላው ቤት የአያት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ተመዝግቧል። ኃይለ ማርያም ወይም ወልደ ጊዮርጊስ ተነጥሎ ከተጻፈ ኮምፒዩተሩ ማርያምንና ጊዮርጊስን ብቻ ሊይዝ ይችላል። "ጸ" አንዳንዴ በቲ እና በኤስ፣ አንዳንዴ በቲ እና በዜድ ይጻፋል። ስለዚህ "ስሜ የለም፤ ክሱ ቀርቷል" ብለው አይደሰቱ። በመንጃ ፈቃድዎ ላይ እንደተጻፈው ይሞክሩ፤ ከዚያም እያገላበጡ ይፈልጉ። ካጡትም ለፍርድ ቤቱ ጽሕፈት ቤት ይደውሉ።

የቲኬቱን ሰጪም ይዩ። በሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ስካይላይን ድራይቭ ላይ ወይም በብሉ ሪጅ ፓርክዌይ ላይ በፓርክ ፖሊስ የተጻፈ ቲኬት የፌዴራል ጉዳይ ነው። በካውንቲው መዝገብ ቢፈልጉት አያገኙትም፤ በወረቀቱ ላይ የተጻፈውን መመሪያ ይከተሉ።

ከቀጠሮው በፊት

በገጠር ካውንቲ ትንሹ ፍርድ ቤት የትራፊክ ጉዳይ የሚያየው በየቀኑ አይደለም፤ ቀጠሮውም የሚያዘው ፖሊሱ በሚገኝበት ቀን ነው። ቀኑ የማይመችዎ ከሆነ አስቀድመው ጽሕፈት ቤቱን ስለ ለውጥ ይጠይቁ። አስተርጓሚ የሚያስፈልግዎ ከሆነም በዚያው ያሳውቁ፤ ለዚህ ገንዘብ አይጠየቁም። እንግሊዝኛ እናውቃለን የምንል ሰዎችም ብንሆን የችሎት እንግሊዝኛ ሌላ ነው። ወዳጃችንን የጎዳቸው ይኸው ነው።

ይዘውት የሚሄዱት ነገር አለ። አንደኛ፣ ከዲኤምቪ የወጣ የመንጃ ሪከርድዎ፤ ንጹሕ ከሆነ ብዙ ይናገርልዎታል። ሁለተኛ፣ የመኪናዎ ፍጥነት መቁጠሪያ ተመርምሮ ስሕተት ከተገኘበት የጋራዡ የምስክር ወረቀት፤ በመሐላ የተረጋገጠ ከሆነ የቨርጂንያ ሕግ ዳኛው እንዲቀበሉት ያዝዛል። ሦስተኛ፣ የስምንት ሰዓቱን የአነዳድ ማሻሻያ ትምህርት ቀድመው ከወሰዱ ማስረጃው።

ዳኛው ክሱን ዝቅ የማድረግ ሥልጣን አላቸው። ሪክለስ የነበረው ወደ ተራ የፍጥነት ጥፋት፣ ወይም "ኢምፕሮፐር ድራይቪንግ" ወደሚባለው ሊወርድ ይችላል። ይህ የኋለኛው ወንጀል አይደለም፤ ቅጣቱም ከ500 ዶላር አይበልጥም። ፍጥነትዎ በጣም ከፍ ያለ ከሆነ ወይም የኢሚግሬሽን ጉዳይ በእጅዎ ካለ ግን በዚያ ካውንቲ ችሎት የሚመላለስ ጠበቃ መያዙ የሚያዋጣ ነው። የጠበቃው ዋጋ ብዙ ቢመስልም ከኢንሹራንስ ጭማሪው ጋር አነጻጽሩት።

መቅረት ግን መፍትሔ አይደለም። በሌሉበት ይፈረድብዎታል፤ በሪክለስ ጉዳይ የመያዣ ትእዛዝም ሊወጣብዎ ይችላል። ሜሪላንድ ወይም ዲሲ ነው የምኖረው ብሎ መተውም አያድንም፤ ክፍለ ሀገሮቹ በስምምነት መረጃ ይለዋወጣሉና የመንጃ ፈቃድዎን የሰጠው መሥሪያ ቤት ይሰማል።

የከባድ መኪና ሾፌሮች

በትራክ እንጀራቸውን ለሚበሉ ወገኖቻችን ነገሩ ከሁሉ ይከብዳል። በፌዴራል ደንብ ከተፈቀደው 15 ማይል ወይም ከዚያ በላይ ማለፍና ሪክለስ ድራይቪንግ "ከባድ ጥፋት" ይባላሉ። በንግድ መኪና ላይ ሳሉ በሦስት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ከተፈረደብዎ 60 ቀን፣ ሦስት ጊዜ ከሆነ 120 ቀን ከሥራ ውጪ ነዎት። በራስዎ መኪና ቢሆንም እንኳ ጥፋተኛ ከተባሉ በ30 ቀን ውስጥ ለአሠሪዎ ማሳወቅ ግዴታ ነው። ጥፋቱን ከመዝገብ ለመደበቅ የሚደረግ ስምምነትም ለንግድ መንጃ ፈቃድ ባለቤት በደንቡ የተከለከለ ነው። ለእናንተ "ከፍዬ ልገላገል" ማለት አንዳንዴ እንጀራን መክፈል ነው።

ከፍርዱ በኋላ

በውሳኔው ካልተስማሙ በ10 ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለት ይችላሉ፤ ጉዳዩ በሰርኪዩት ኮርት እንደ አዲስ ይታያል። ቅጣቱን በአንድ ጊዜ መክፈል ካልቻሉ በየወሩ ለመክፈል ይጠይቁ። ከሐምሌ 2020 ወዲህ ቨርጂንያ የፍርድ ቤት ዕዳ አልከፈልክም ብላ መንጃ ፈቃድ አታግድም፤ ዕዳው ግን አይጠፋም።

የመጨረሻው ነገር ከሁሉ ይበልጣል። ጉዳዩ እንዳለቀ፣ ገና ከፍርድ ቤቱ ግቢ ሳይወጡ፣ በማኅተም የተረጋገጠ የውሳኔ ቅጂ ይጠይቁ። ቨርጂንያ የእነዚህን ጉዳዮች ፋይል በደንቡ የምታቆየው ለ10 ዓመት ነው። የዜግነት ቅጹ ግን የሚጠይቀው "በ10 ዓመት ውስጥ" ብሎ ሳይሆን "መቼም ቢሆን" ብሎ ነው። ፍርድ ቤቱ ሲያስወግደው እርስዎ ዘንድ ይኑር። ከፓስፖርትዎና ከልጆችዎ የልደት ወረቀት ጋር በአንድ ፖስታ ያስቀምጡት። የድሮ ቲኬት ያለባችሁም ዛሬውኑ ስማችሁን ፈልጉ፤ ቅጂው ሳይጠፋ አውጡ። "ሳይቃጠል በቅጠል" ያሉት አባቶቻችን ለዚህ ነው።

መልካም መንገድ ይሁንላችሁ።